አሥራ አንድ ደቂቃ የፈጀው ምርጫ

እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት እናቷና የምርጫው መዝገብ ብቻ ናቸው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ሰፈሩ የሚያውቃት «እትዬ ሰልፍ» ብሎ ነው። ዓመቱን ሙሉ ልብስ ሰፊ ናት። አንዲት ጠባብ ሱቅ፣ አንድ በእግር የሚነዳ የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ ያላለቁ ቀሚሶች አሏት፤ ከንፈሯ መሀል ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት እስፒል አይጠፋም። እስፒሉን እንደያዘች ስለምታወራ አዲስ ደንበኛ ንግግሯን እስኪለምድ ሁለት ቀሚስ ማሰፋት አለበት። ምርጫ ሲመጣ ግን እስፒሉን ከአፏ ታወጣና ደረቷ ላይ ሰማያዊ ባጅ ሰክታ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ የሴቶቹን ሰልፍ ታስከብራለች።

ይህን ሹመት ማንም አልተሻማትም። እሷ ግን ከመኪናዋ ቀጥሎ የምትወደው ነገር ቢኖር ይኸው ሰልፍ ነው፤ ባሏን ሦስተኛ ላይ የምታስቀምጠው ለዚህ ነው ይላሉ የሚያውቋት።

ፍቅሩ የጀመረው ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ነው። ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ወደ ሰፈሩ ከመጣች አራት ወር ሲሆናት የምታውቀው ባሏን፣ የባሏን እናትና ወደ ቧንቧው የሚወስደውን መንገድ ብቻ ነበር። የምርጫው ቀን አማቷ እንኳ ሊከለክሏት አልቻሉም፤ የመንግሥት ነገር ነዋ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተሰለፈች፣ ድምፅ የሰጠችው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ውስጥ የነበረው መዝጋቢ አንድ ብቻ ስለነበር፣ በዚያ ላይ የእያንዳንዷን ሴት ስም በማስመሪያ እያሰመረ ስለሚጽፍ፣ ስድስት መቶ ሴት ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ዋለ። ከኋላዋ የቆመችው ዳቦ ጋጋሪ ትከሻዋን ነካ አድርጋ፣

«ይህን ቀሚስ ማን ሰፋልሽ?» አለቻት።

«ራሴ።»

«ውሸታም» አለችና የቀሚሱን ጠርዝ ገልብጣ ስፌቱን መረመረች። ከፊትና ከኋላ የተሰለፉትን ሴቶች ጠርታ ስፌቱን አስመረመረች። ሰልፉ ሳያልቅ እትዬ ሰልፍ የሦስት ቀሚስ ትእዛዝ ተቀብላ ነበር። በዚያው ቀን የአንድ ሕፃን ስም ወጥቷል፣ አንድ እጮኝነት ፈርሷል፣ አንዲት የምትደበደብ ልጅ ወንድሞቿ ዘንድ እንዴት እንደምትሄድ ተመክሮላታል። ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሰፈሩ ውስጥ ሰው ነበራት። ለማን ድምፅ እንደሰጠች ግን ዛሬ አታስታውስም፤ ያኔም በደንብ አታውቅም ነበር።

እንግዲህ የዘንድሮው ምርጫ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ወደ ሱቋ መጣ። ሰውየው የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር ነው፤ ትሑት፣ ቀጭን፣ መጥፎ ዜና ሲናገር መነጽሩን የሚጠርግ ሰው ነው። ገብቶ ገና ሳይቀመጥ መነጽሩን ማውለቁን ስታይ እስፒሎቹን ከአፏ አወጣች።

«እትዬ፣ ባለፈው ምርጫ ስንት ሴት እንደመረጠ ያስታውሳሉ?»

«ጥቂት ነበሩ።»

«ዘጠና ሦስት። ከስድስት መቶው ሴት መሀል ዘጠና ሦስት ብቻ። የሴቶቻችን ፍላጎት እየቀነሰ ነው እየተባለ ነው። አሁን የመጣው መመሪያ፣ ዘንድሮ ድምፅ የሚሰጡት ሴቶች ከሁለት መቶ በታች ከሆኑ የሴቶቹ መስመር ይዘጋ ይላል። ለቀጣዩ ምርጫ ሴቶቹ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ወዳለው ጣቢያ ይዛወራሉ።»

«እዚያ ማነው ሰልፍ የሚያስከብረው?»

«እዚያ ማሽን አለ። ቁጥር ያወጣል።»

እትዬ ሰልፍ ማሽኑን በዓይነ ኅሊናዋ አየችውና ጠላችው። ኃላፊው ከሄደ በኋላ የያዘችውን እጅጌ የአንገት ቦታ ላይ ሰፍታው ተገኘች። ሃያ አምስት ዓመት እንዲህ ዓይነት ስሕተት ሠርታ አታውቅም። ስፌቱን እየተረተረች ለራሷ ማለች፤ ሰልፌ በእኔ እጅ አይሞትም አለች።

በማግሥቱ ባጇን ሰክታ ቤት ለቤት ዞረች። ምርጫው ሳይደርስ ባጅ መስካት አይፈቀድም፣ ግን ማን ይከለክላታል። የሰማችው ምክንያት ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዷ፣ ማንም ቢመረጥ ቧንቧው ያው በሳምንት ሁለት ቀን ነው አለቻት። አንዷ፣ በምርጫው ባሌ ለሁለታችንም ይበቃል፣ በቤቱ ሥራ ግን አይበቃም፣ እሱን ሠርቶልኝ እኔ ልምረጥ አለቻት። አንዷ ካርዷን የመስኮት መስታወት ማስደገፊያ አድርጋዋለች፤ ካወጣችው መስታወቱ ይወድቃል። ሁሉም ግን የሚያሳርጉት በአንድ ነገር ነው፤ ጊዜ የለኝም። ይህንን ብለው በር ላይ ቆመው ግማሽ ሰዓት ያወሯታል። ከዚያ ፈገግ ይሉና፣ «ያ የድሮው ሰልፍ ትዝ ይልሻል?» ይላሉ። እትዬ ሰልፍ ነገሩ ሊገባት ጫፍ ላይ እየደረሰ ተመልሶ ያመልጣታል።

የገባት ዳቦ ጋጋሪዋ ቤት ነው። ጓደኛዋ ክንዷ ድረስ ሊጥ ውስጥ ነበረች።

«አንቺም ልትቀሪ ነው?» አለቻት እትዬ ሰልፍ።

«እቀራለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ? ባልሽን ጠይቂው።»

«ባሌ ምን አደረገ?»

«ድሮ ምርጫ ልሄድ ነው ብዬ ከወጣሁ የምመለሰው ማታ ነው። ማንም አይጠይቀኝም። ባለፈው ጊዜ አራት ጠረጴዛ ተደረገ፣ ስም በፊደል ተራ ተደረገ፣ እሺ። ያንቺ ሰውዬ ደግሞ ሰዓቱን ይዞ በር ላይ ቆሞ ለካ። አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል ብሎ ሻይ ቤት ሄዶ አወጀ። አሁን ባሌ ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? ሂጂ፣ በሃያ ደቂቃ ተመለሽ፣ ዘጠኝ ደቂቃ ለመንገድ ጨምሬልሻለሁ ይለኛል። እስቲ ለሃያ ደቂቃ ማን ፀጉሩን ያበጥራል?»

እትዬ ሰልፍ በቆመችበት ደረቀች። የባሏ ሥራ ሰዓት ጥገና ነው። ምስኪን ሰው ነው፣ አንድ ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽር አጣብቆ ቀኑን ሙሉ በሰው ሰዓት ውስጥ የሚኖር። ክፋት አያውቅም፣ ነገር ግን ያየውን ሁሉ ይለካል። ሾርባ ስንት ደቂቃ እንደፈላ፣ እንግዳ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ የራሱ እናት ቀብር ላይ የተደረገው ንግግር ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ያውቃል። ለካ የሴቶቹን ሰልፍ የገደለው የገዛ ባሏ ነው፤ እሷ ደግሞ በየምሽቱ እግሩን የሚያሞቅበት ካልሲ ስትጠግንለት ኖራለች።

ማታ ራት ሲበሉ ነገሩን አነሳችበት። ይደነግጣል ብላ ነበር፤ ኮራ።

«አሥራ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ» አላት። «ሃያውን ሰከንድ ለሰው አልነገርኩም፤ ሰው ዝርዝር አይወድም። ድሮ እኮ ዘጠኝ ሰዓት ትንገላቱ ነበር። እኔ የተደሰትኩት ለእናንተ ነው።»

ይህንን ሲል ፊቱ በእውነት ደስ ብሎት ነበር። ልትቆጣው የያዘችው ቁጣ ሁሉ አንጀቷ ውስጥ ቀልጦ ቀረ። ስትሳሳለት ግን ሌላ ነገር መጣላት። ይህ ሰው የነገሩትን ሁሉ በማግሥቱ ሻይ ቤት ያደርሳል።

«ዘንድሮ ግን እንደዚያ አይሆንም» አለች ማንኪያዋን እያየች። «ለማንም እንዳትናገር እንጂ ኃላፊው ነግሮኛል። ወረቀቱ አዲስ ነው። ረጅም ነው አሉ፣ የአልጋ ልብስ ያህላል። አንዷ ሴት ገብታ እስክትወጣ የሚፈጀው ጊዜ ተነግሮም አያልቅ። ቀን ሙሉ ነው።»

«የአልጋ ልብስ?»

«የሁለት ሰው አልጋ።»

ሰዓት ጠጋኙ አጉሊ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ ሳይተኛም ብዙ አሰበበት። በማግሥቱ አራት ሰዓት ሳይሆን ሰፈሩ ውስጥ ያለ ባል ሁሉ ወሬውን ሰምቶ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ የአልጋ ልብሱ የመጋረጃም ቁመት ጨምሯል።

የምርጫው ቀን ጠዋት እትዬ ሰልፍ የግቢውን በር ስትከፍት ዓይኗን ማመን አቃታት። ሴቶቹ ከአጥሩ እስከ ማዶው ዳቦ ቤት ተሰልፈዋል። ፀጉር ተበጥሯል። በርጩማ ተይዟል፣ ሹራብ የሚሠራበት ክር ተይዟል፣ ልጆች ለአባቶቻቸው ተትተዋል። ዳቦ ጋጋሪዋ አንድ ቅርጫት ዳቦ ጭና መጥታለች። የሁሉ አክስት የሚባሉት፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ጡረታ የወጡ አዋላጅ፣ ከሰልፉ መሀል የራሳቸውን ባለመደገፊያ ወንበር አስይዘው ተቀምጠዋል። ከተሰለፈችው ሴት ግማሹን ያዋለዱት እሳቸው ናቸው፤ የሌላውን ግማሽ እናት ያውቃሉ። እትዬ ሰልፍ ቆጠረች፤ ሁለት መቶ ስልሳ አንድ። ባጇን አስተካከለች፣ እንባዋን በባጁ ጠርዝ ጠረገች፣ ባጁም ቧጨራት።

የምርጫው ክፍል በር ተከፈተ። ውስጥ አራት ጠረጴዛ፣ አራት መዝጋቢ፣ አራት የተቀረጸ እርሳስ ይጠብቃል። ወረቀቱ የእጅ መዳፍ አያህልም።

«ግቡ» አለች እትዬ ሰልፍ።

ፊተኛዋ ሴት ወደ ኋላዋ ዞረች። «አንቺ ቅደሚ።»

«ኧረ አንቺ ቅደሚ።»

«አይሆንም፣ አንቺ ነፍሰ ጡር ነሽ።»

«ነፍሰ ጡርነት መቆም አያስከለክልም። እሳቸው ይቅደሙ፣ ትልቅ ሰው ናቸው።»

«እኔ ገና ወሬ አልጨረስኩም» አሉ የሁሉ አክስት፣ ስማቸው ሲነሳ ሰምተው።

እንዲህ ሆኖ ቀኑ ተጀመረ። ሰልፉ ወደ ፊት ከመሄድ ይልቅ ወደ ጎን እየሰፋ ሄደ። ዳቦው ተቆረሰ። ሦስት መንገድ ተራርቀው የሚኖሩ ሴቶች ውኃ የሚጠፋባቸው በተለያየ ቀን መሆኑን አወቁ፤ ይህ ማለት ውኃው አለ፣ የሚከፍተውና የሚዘጋው ሰው ነው ያለው ማለት ነው። ይህን ሲያገናዝቡ ግቢው በአንድ ጊዜ ጮኸ። አንዷ የቧንቧውን ቁልፍ ስለያዘው ሰውዬ የቤት ጣራ ማውራት ጀመረች፣ ሌላዋ ስለ አትክልቱ ልምላሜ። እትዬ ሰልፍ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰች «መስመር ያዙ» ትላለች፤ የሰማት የለም፣ እሷም እንዲሰሟት አልፈለገችም። ሃያ አምስት ዓመቷን መልሳ ያገኘች መሰላት።

ስድስት ሰዓት ላይ ኃላፊው መነጽሩን እየጠረገ ወጣ።

«እትዬ፣ አሥራ ሰባት ሴት ብቻ ነው የገባው። መዝጋቢዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ችግሩ ምንድን ነው?»

«አክብሮት ነው መምህር። እየተከባበሩ ነው።»

«መከባበሩ ጥሩ ነው፤ ግን በሩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። የሚቆጠረው ደግሞ የተሰለፈው አይደለም፣ የመረጠው ነው።»

ይህን ብሎ ሲመለስ ነው እትዬ ሰልፍ ጉድ የሆነችው። ሰልፉን አገኘችው ብላ ሰልፉ መሣሪያ መሆኑን ረስታ ነበር። ከዚያ በኋላ ብትለምን፣ ብትገፋ፣ የአንዷን ክንድ ይዛ እስከ በሩ ብታደርስ፣ ሴትየዋ ደፍ ላይ ስትደርስ አንድ ነገር ትዝ ይላትና ልትናገረው ትመለሳለች። አሥር ሰዓት ላይ የመረጡት ስልሳ ሁለት ነበሩ። ፀሐይዋ ከትምህርት ቤቱ ጣራ ወርዳለች። ሰዓት ጠጋኙ ባሏ አጥሩ ውጭ ቆሞ የአልጋ ልብሱን ለማየት አንገቱን ያሰግጋል።

ከክፍል ውስጥ ወንበር አስወጥታ ወጣችበት። ከዚህ በፊት ለብዙ ሰው ንግግር አድርጋ አታውቅም፤ ወንበሩም የተማሪ ወንበር ስለሆነ ከሥሯ ተወዛወዘ።

«ስሙኝ» አለች። «ዋሽቻችኋለሁ። ወረቀቱ የአልጋ ልብስ አያህልም።»

«እናውቃለን» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «ባሎቻችን ናቸው የማያውቁት።»

«እንግዲያው ይህንንም እወቁ። ሁለት መቶ ካልሞላን ይህ ሰልፍ ተዘጋ። የሚቀጥለው ምርጫ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ነው፣ ከማሽን ቁጥር ተቀብላችሁ። ማሽን ቀሚስሽን ማን ሰፋልሽ ብሎ አይጠይቅም። እኔ እዚህ ስመጣ ማንም አልነበረኝም። ያገኘኋችሁ እዚህ ግቢ ውስጥ፣ እዚህ ሰልፍ ላይ ነው። ሰልፌን አትቀሙኝ።»

ማንም አላጨበጨበም። የሁሉ አክስት ከወንበራቸው ተነሡና ቀሚሳቸውን አራገፉ።

«ቆይ» አሉ። «ከገባን አይቀር ማን ነው ስለ ውኃው ያነሳው?»

ለካ ቀኑን ሙሉ ሲወራ ስለ ተወዳዳሪዎቹ አንድም ቃል አልተነሳም ነበር። በሩብ ሰዓት ውስጥ የሁሉም ስም ተነሳ። አንዱ ስለ ብሔራዊ ክብር ብቻ ይናገራል ተባለ፣ ተጣለ። አንዱ ጥሩ ቁመና አለው ተባለ፤ ጥቂት ተዘገየበትና እሱም ተጣለ። በበራሪ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ በትንሽ ፊደል ቧንቧ የሚል ቃል የጻፈው አንድ ብቻ ነበር፣ አጭር፣ ራሰ በራ፣ የእንስሳት ሐኪም የነበረ ሰው። «በሬ ያዳነ እኛን አያቅተውም» አሉ የሁሉ አክስት፣ ቀድመውም ገቡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግፊያ ነው። መዝጋቢዎቹ እርሳሳቸውን ሁለት ጊዜ ቀረጹ። በሩ ሲዘጋ ኃላፊው ቆጥሮ ወጣ፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት። መነጽሩን አልጠረገም። እትዬ ሰልፍ የተማሪ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና እንደ ልጅ አለቀሰች። የእንስሳት ሐኪሙ በዘጠና ድምፅ ብልጫ አሸነፈ፤ እሱ ራሱ ከሰማው በኋላ ሁለት ጊዜ ይደገምልኝ አለ አሉ።

በወሩ ለጣቢያው ደብዳቤ መጣ፤ ኃላፊው በራሱ እጅ ሱቋ ድረስ አመጣው። ባሏ አጉሊ መነጽሩን አድርጎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት። የሴቶች ተሳትፎ በአርአያነት ያደገበት ጣቢያ ተብለው ተመስግነዋል። ሴቶቹ ያን ሁሉ ሰዓት ፀሐይ ላይ መንገላታታቸው በሪፖርት ስለተደረሰበትም ለቀጣዩ ምርጫ ስምንት ጠረጴዛና አንድ ማሽን ይመደብላቸዋል።

«ማንኛዋም ሴት ከአምስት ደቂቃ በላይ አትጠብቅም» ብሎ ጨረሰና ቀና አለ። «አምስት ደቂቃ! ይህ ሁሉ ባንቺ ነው እኮ።»

እትዬ ሰልፍ ደብዳቤውን አጥፋ ይዛ ዳቦ ቤት ሄደች። ጓደኛዋ አነበበችው፣ እጇን ከዱቄት አራግፋ ደግማ አነበበችው።

«ለማን ነው እንግዲህ አቤት የሚባለው?» አለች እትዬ ሰልፍ።

«እኔ ምን አውቃለሁ። ለመረጥነው ሰውዬ ይሆናላ።»

ይህንን የተናገረችው እንዲያው ለማለት ያህል ነው። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ የመረጡት ሰው የሆነ ቦታ፣ የሆነ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል ብለው አስበው አያውቁም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ አራት ሴት ሆነው ሄዱ። ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ የሁሉ አክስትን በየደረጃው እያሳረፉ አወጧቸው። ኮሪደሩ ላይ በግድግዳው ርዝመት አግዳሚ ወንበር ተዘርግቷል። ጸሐፊዋ ወጣት ናት፤ አሥራ አራት ሴት አንድ ላይ ሲገባ አይታ ስለማታውቅ የያዘችውን ብዕር ሳትከድን ተነሣች።

«ምን ልታዘዝ እናቶች? ጉዳያችሁ ምንድን ነው?»

እትዬ ሰልፍ አፏን ከፈተች። ሰልፋችንን አሳጠሩብን ብሎ አቤት ማለት ቤት ሲታሰብ ቀላል ነበር፤ እዚህ በር ላይ ግን ቃሉ አልወጣ አላት። የሁሉ አክስት ከኋላ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ፊት አለፉ።

«እኛ ነን የመረጥነው» አሉ። «ሊያውቀን ይገባል ብለን ነው። ውኃ የሚያጠፋብንን ሰውዬ ደግሞ ስሙን ከነቤቱ ይዘናል።»

ጸሐፊዋ ወደ ተዘጋው በር፣ ከዚያም ወደ አሥራ አራቱ ሴቶች ተመለከተች።

«ቀጠሮ ከሌላችሁ ግን ብዙ ትጠብቃላችሁ» አለች እንደማፈር ብላ። «ምናልባት ቀኑን ሙሉ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ እትዬ ሰልፍን አየቻት። ከዚያ አሥራ አራቱም አግዳሚው ላይ እየተጠጋጉ ተቀመጡ።

«ጊዜ አለን» አሉ።